ሳይሸኙ የሄዱ

ኤርፖርት ላውንጅ የሚባለውን ነገር አሁን የማያውቅ የለም። ገብቶበት የማያውቅ እንኳ በስልኩ አይቶታል፦ ሰፊ ሶፋ፣ ማኪያቶ፣ በመስታወቱ ማዶ የቆመ የአውሮፕላን ጅራት፣ ከሥሩ «ጉዞ ተጀመረ» የሚል ጽሑፍ። ቤተሰቡን ይዞ የገባ ሰው ደግሞ ልጆቹን ጁስ እያስጠጣ፣ እናቱን «ቁጭ በይ እማ፣ ገና ነው» እያለ ሁለት ሰዓቱን ይገፋል።

ገና ነው። የላውንጅ ትልቁ ነገር ሶፋውም ምግቡም አይመስለኝም፤ ይቺ ቃል ናት። ሻንጣው ገብቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሰውየው ግን ገና አልሄደም። የረሳውን ነገር በስልክ ያዛል፣ የቀረውን ሰው ይሰናበታል። ከባሰም ተነስቶ «በቃ ቀረሁ» ማለት ይችላል። ማንም እጁን ይዞ አይጭነውም።

ይህ ጽሑፍ «ገና ነው» ሳይባሉ ስለተጫኑ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ የተወሰዱት ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደምንለው ምድር፣ ወደ አሶሳ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው አሁን ከአሶሳ አውሮፕላን ተሳፍረው ቦሌ ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹም ላውንጅ ውስጥ ፎቶ ይነሳሉ። በሁለቱ መካከል 41 ዓመት አለ።

ከሸራ ወንበር እስከ ሶፋ

የአየር መንገድ ላውንጅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርኩ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ ከፈተውና አድሚራልስ ክለብ አለው። መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚገባበት ቦታ አልነበረም፤ የሚገባው ኩባንያው መርጦ የጋበዘው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ላውንጅ ከውልደቱ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ከበረራ በፊት ተቀምጦ መጠበቅ ለማን ይገባል?

እኛ ጋ ነገሩ የተጀመረው ከሶፋ በጣም ርቆ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ የነበሩት አውሮፕላኖች ከአሜሪካ መንግሥት የተገዙ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወታደርና ጭነት ያመላልሱ የነበሩ ሲ-47ቶች ናቸው። በኋላ በግራና በቀኝ ግድግዳቸው የሚታጠፍ የሸራ መቀመጫ ተገጠመላቸው፤ መሀሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። ሰውና ዕቃ ፊት ለፊት እየተያዩ ይበሩ ነበር ማለት ነው።

የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አነሰና በ1955 ዓ.ም. ቦሌ ተተካ። ቦሌም በ1995 ትልቁን ተርሚናል አገኘ፤ በጥር 2011 የተመረቀው ማስፋፊያ ደግሞ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተብሎ ነው የተሠራው። የሸራው መቀመጫ ቀርቶ ሶፋ መጣ፤ የመጠበቂያውም ቦታ በየደረጃው ተከፋፈለ።

ይህ የአየር መንገዱ ታሪክ ነው፤ የሚያኮራም ታሪክ ነው። ግን መንገደኛ ብቻውን መንገደኛ አይሆንም። ከኋላው ሸኚ አለ።

አማርኛ «መሸኘት» የሚል ቃል ያለው በከንቱ አይደለም። እንግዳ ሲነሳ ከበር አይመለሱለትም፤ እስከ ወንዙ፣ እስከ ዳገቱ ራስ፣ ቢያንስ እስከ አስፋልቱ አብረውት ይሄዳሉ። ወሎ ላይ ከሆነ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል መንገደኛው አይነሳም፤ በረካው ላይ ዱዓ ይደረጋል፣ ይመረቃል። ራቅ ላለ መንገድ ስንቅ ይታሰራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሽኝት ማለት እኮ ከሌላ ምንም ሳይሆን ጊዜ መስጠት ነው፦ ለሚሄደው እንዲያስብበት፣ ለሚቀረው እንዲለምደው።

ዛሬ ቦሌ ላይ ሸኚ በር ላይ ይቀራል። ያለ ትኬት አይገባም። ስለዚህ ስንብቱ መኪና ማቆሚያው ጋ ያልቅና ወደ ውስጥ የሚገባው ተጓዡ ብቻ ይሆናል። ቤተሰብ አንድ ላይ ላውንጅ ገብቶ የሚቀመጠው ሁሉም አብሮ ሲሄድ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። ያም ሆኖ በሩ ጋ የተቃቀፈ ቤተሰብ አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል፦ ማን እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚደርስ። በ1977 ዓ.ም. ይህ ዕውቀት ቅንጦት ነበር።

የማይጠየቁበት መንገድ

አሶሳና መሀል አገርን ያገናኘው መንገድ ከድሮም ሰው ሳይጠየቅ የሚሄድበት ነበር። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1898 ዘምተው ቤኒሻንጉልን ለአፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ የአካባቢው ገዥዎች አዲስ አበባ መጥተው ታሰሩ። ከእነሱ አንዱ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነበሩ። በኋላ ተፈትተው፣ ወርቅ እየገበሩ የአሶሳን ምድር ለረጅም ዘመን ገዙ። ከግብሩ ውስጥ ሰውም ነበረበት፤ ከበርታና ከጎረቤቶቹ ሕዝቦች በባርነት የተወሰዱት ስማቸው አልተጻፈም። የሼሁ ስም ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቀርቷል፤ «ሸጎሌ» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ሸጎሌ የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ አንባቢዎች የአሶሳን ታሪክ በየቀኑ እየጠራችሁት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘመን ተለወጠና ጉዞው አቅጣጫ ቀየረ። አሁን ሰው የሚወሰደው ወደ አሶሳ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰሜን ኢትዮጵያ በረሃብ ተመታ። የደርግ መንግሥት መፍትሔ ብሎ ካወጃቸው ነገሮች አንዱ ሠፈራ ነበር፦ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 300,000 አባወራ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማጓጓዝ። ጉዞው በኅዳር 1977 ተጀመረ፤ በ1978 ዓ.ም. አጋማሽ እስኪቋረጥ ድረስ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከሁሉም የበዛው ከወሎ የሄደው ነው፤ ከሁሉም ብዙ የተቀበለው ደግሞ የያኔው የወለጋ ክፍለ ሀገር ነው። አሶሳ በዚያን ጊዜ በወለጋ ሥር ነበረች። ከዚያ በፊትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠፋሪ ተቀብላ ስለነበር ለባለሥልጣናቱ የታወቀ ቦታ ነበረች።

ይህን ያህል ሕዝብ በምን ተጓጓዘ? አውቶቡስ ተሰበሰበ፣ የጭነት መኪና ተሰበሰበ። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ 12 አንቶኖቭ-12 አውሮፕላን፣ 24 ሄሊኮፕተርና 300 የጭነት መኪና ላከች። ከወሎ የተነሱት አብዛኞቹ በመኪና ሄዱ። ከትግራይ የተነሱት ግን፣ መንገዱ በጦርነት የተቆረጠ ስለነበር፣ ከመቀሌ በአንቶኖቭ ተጭነው አዲስ አበባ ወረዱ፤ ወደ አሶሳ የተመደቡት ከዚያ በአውቶቡስ ቀጠሉ።

አንቶኖቭ-12 የጦር ሠራዊት ጭነት አውሮፕላን ነው። የጭነቱ ክፍል እንደ መንገደኛ አውሮፕላን አየሩ ተመጥኖ የሚጠበቅበት አይደለም፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ይሳሳል። ለደህና ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ ለወራት ለተራበ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም። ከአሶሳ አካባቢ አምልጠው ሱዳን የገቡ ሠፋሪዎች በ1977 ዓ.ም. ለጄሰን ክሌይና ለቦኒ ሆልኮምብ የሰጡት ቃል አለ። ተጨናንቀው ቆመው እንደተጫኑ፣ በትፋትና በጭንቅ መሀል እንደበረሩ፣ ከመሀላቸው የሞተ እንደነበረ ተናግረዋል። ጥናቱ «ያመለጡትን ብቻ ነው የጠየቀው» ተብሎ ተተችቷል። ትችቱ ልክ ነው፤ ሁሉም ሠፋሪ እንደዚያ አልሄደም። ግን ምስክርነቱን አያጠፋውም።

ለወሎ ሠፋሪዎች በወለጋ ቀጦ የተባለ የሠፈራ መንደር ውስጥ ኖሮ ያጠናው አሉላ ፓንክረስት የጻፈው መጽሐፍ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ከነሱ መሀል ፈልጎ የሄደ ነበረ። በሬው ያለቀበት፣ መሬቱ የደረቀበት፣ «እዚያ መሬቱ ለም ነው፣ ዝናብ አይቀርም» ሲባል ያመነ። ገበሬ ማኅበሩ ኮታ ስለነበረበት ተገፍቶ የሄደም ነበረ። ዘመዱ ሲሄድ ብቻዬን አልቀርም ብሎ የተከተለም ነበረ። ግን ፈልጎ በሄደውና ተገዶ በተጫነው መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ለማየት አንድ ነገር ያስፈልግ ነበር፦ የሚጠየቅበት ቦታ። «ትሄዳለህ ወይ? ሚስትህ የት ናት? ልጆችህ ስንት ናቸው?» ተብሎ መልሱ የሚሰማበት ቦታ። ብዙዎቹ ያን አላገኙም።

የእህል ርዳታ ሊቀበል የወጣ አባት በዚያው ተጫነ። ገበያ የሄደች እናት አልተመለሰችም። ርዳታ ማከፋፈያው የሠፋሪ መመልመያ እየሆነ ሲመጣ፣ ተርበውም ወደዚያ መቅረብ የፈሩ ነበሩ። ቤት የቀሩት ሰዎች ደግሞ ያልተመለሰው ሰው ሞቶ ይሁን ተወስዶ አያውቁም። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ይህን በአደባባይ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1985 ከአገር ተባረረ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደጊዮርጊስም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ከአገር ወጥተው ቀሩ፤ በኋላ ያዩትን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጻፉት።

የሠፈራውን ጉዳት የሚቆጥሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሞትን ይቆጥራሉ፤ በቁጥሩም እስከ ዛሬ አይስማሙም። ያልተደረገውን ስንብት ግን የቆጠረው የለም። ቡናው አልተፈላም፣ ስንቅ አልታሰረም፣ አልተመረቁም። እስከ ወንዙ የሸኛቸው የለም።

ቁጥር የወጣላቸው መንደሮች

አሶሳ የደረሱት ሰዎች ያገኙት ምድር የቀርከሃ ምድር ነበር። ሙቀቱ የደጋ ሰው አይችለውም፤ ወባው አዲስ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ ለለመደ ገበሬ ደግሞ ከብት የሚገድለው ገንዲ ሌላ መከራ ሆነ። እርሻው በጋራ፣ በትራክተር ነበር፤ የቤተሰብ እርሻ ያደገበት ሰው በሠራተኝነት ተመዘገበ።

መንደሮቹ ቁጥር ተሰጣቸው። እስከ ዛሬ አሶሳ ዙሪያ ብትሄዱ ቦታዎቹ በዚያው ስም ነው የሚጠሩት፦ አምባ ስንት፣ መገሌ ስንት፣ ሰልጋ ስንት። ሰልጋ 22 የተወለደ ልጅ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ቁጥር ይጠራል። ለእሱ ምንም አይደንቀውም፤ ቤቱ ነው፣ እናቱ እዚያ ቡና ታፈላለች። ለአያቱ ግን ያ ቁጥር እንደ ሻንጣ ላይ መለያ ነበር፤ የት እንደሚወርድ ሌላ ሰው የጻፈለት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። በርታዎች እዚያ ይኖሩበት ነበር፤ እያፈራረቁ የሚያርሱት፣ የሚያድኑበት፣ ማርና ቀርከሃ የሚያወጡበት ነው። መተከል ላይ ጉሙዞችም እንዲሁ። ለካርታ አንሺው «ትርፍ መሬት» የመሰለው፣ ለባለቤቱ የዓመታት ዕቅድ ነው፤ ዘንድሮ ያረፈው መሬት ለከርሞ የታሰበ ነው። እነሱንም «እንግዳ ሊመጣባችሁ ነው፣ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለት ያልተጠየቁ ሕዝቦች አንድ ቦታ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የመሬት ጭቅጭቅ «የብሔር ጠብ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው መነሻውን አላየም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ሠፋሪ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ከዚያ በፊትም ያመለጡ ነበሩ፤ በእግር ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ደግሞ ዞረው ወደ ትግራይ። በአውሮፕላንና በአውቶቡስ የመጡትን መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን እዚያው ዘር ዘሩ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ከበርታ ጎረቤቶቻቸው ጋር ገበያ ተገበያዩ፣ ቡና ተጠራሩ። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ለዘመናት ተገፍተው ለኖሩት ይህ ዕውቅና ትልቅ ነገር ነው። ግን ተጭኖ የመጣ ሰው የልጅ ልጅ «መጤ ነህ» ሲባል ምን ይመልስ? አያቱ እንዳልመጣ፣ እንዳመጡት ነው የሚያውቀው።

ሁለት ዓይነት ሪሴትልመንት

አሁን ወደ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ እንምጣ። ከአዲስ አበባ አሶሳ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲ አድርጎ። በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ወለጋ ያለው ግጭት ያን መንገድ የሚያስፈራ ስላደረገው፣ ገንዘብ ያለውም ተበድሮ የሚከፍለውም በአውሮፕላን መሄድ ጀመረ። ስለዚህ የአሶሳ አውሮፕላን መንገደኛ የናጠጠ ሰው ብቻ አይደለም። ለሕክምና የሚሄዱ እናት፣ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ፣ የወርቅ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርቷን የያዘች ወጣት አብረው ይጠብቃሉ።

ከእነሱ መሀል አንዳንዴ ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቤተሰብ አለ። ቦርሳው ላይ አይ.ኦ.ኤም. የሚል ምልክት አለው፤ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ነው። አሶሳ ዙሪያ ሸርቆሌ፣ ባምባሲ፣ ጾሬ የሚባሉ የስደተኛ መጠለያዎች አሉ፤ ሸርቆሌ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ነው ያለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በኩርሙክ በኩል ሌላ ብዙ ሕዝብ ገባ። ከመጠለያዎቹ ጥቂት ቤተሰቦች ሦስተኛ አገር ይደርሳቸዋል። ያን ጉዞ ድርጅቶቹ በእንግሊዝኛ ሪሴትልመንት ይሉታል።

የ1977ቱንስ በእንግሊዝኛ ምን ብለው ጻፉት? ሪሴትልመንት። ያው ቃል ነው፣ ያው ምድር ነው።

ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ዛሬ የሚሄደው ስደተኛ ደጋግሞ ተጠይቋል። ስሙ፣ የሚስቱ ስም፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ ከየት እንደመጣ፣ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ። ሐኪም አይቶታል። ፋይሉ ለዓመታት ይንከባለላል። መጠበቁ ያሰቃያል፤ «ስሜ መቼ ይለጠፋል» እያለ የሚያረጅ ሰው አለ፣ ጨርሶ የማይደርሰውም ብዙ ነው። ይህን ሥቃይ ማሳነስ አይገባም። ግን ያ የሚያንገበግብ ጥበቃ በውስጡ የያዘው ነገር፣ በመቀሌ ሜዳ አንቶኖቭ ፊት የተሰለፉት ሰዎች ያጡት ነው፦ «እኔና ልጆቼ አብረን ነን?» ብሎ ጠይቆ መልስ ማግኘት። «አልሄድም» የማለት መብት።

ለዚህ ነው የመጠበቂያ ክፍልን ታሪክ በሶፋው ብቻ መለካት የማይበቃው። ሰው እንደ ዕቃ ሲታይ መጠበቂያ አያስፈልገውም፤ ዕቃ አይሰናበትም፣ ሐሳቡን አይቀይርም፣ ልጁን አይቆጥርም። መጠበቂያ የሚሠራለት ሊጠየቅ የሚገባው ፍጡር ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ግድግዳ ሰዓት፣ «ገና ነው» የሚል ሰው፤ ይህን ካገኘ ሲ-47 ላይ በሸራ መቀመጫ የተቀመጠውም ቢሆን መንገደኛ ነው። ካላገኘ ጭነት ነው፣ ምንም ያህል ለም መሬት ቢጠብቀው።

በ1977 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 60ን አልፏል። አሶሳ ዙሪያ ባሉት ባለ ቁጥር መንደሮች፣ እንደዚሁም በወሎና በትግራይ በቀሩት ቤቶች፣ የሚያስታውሱ ሰዎች ገና አሉ፤ ብዙ ዓመት ግን አይቀራቸውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ለማፈላለግ ግን ስም ያስፈልጋል፣ የመንደር ስም፣ የአባት ስም፣ ያኔ የነበሩ ልጆች ቁጥር። ያን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

አያት ያላችሁ፣ በተለይ ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። «እማማ፣ ያን ቀን ማንን ጥለሽ መጣሽ?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል፤ ቡናው በረካ እስኪደርስ ቆዩና ጠይቁ። ምናልባት በ41 ዓመት ውስጥ የጠየቃቸው የመጀመሪያ ሰው እናንተ ትሆኑ ይሆናል።